«በቃ» የሚለው ማን ነበር?

በአማርኛችን ሁለት ተጻራሪ ፍርዶችን በአንድ ሥር የሚይዝ ቃል ቢፈለግ «በቃ» ከሚለው የሚቀድም ያለ አይመስለኝም። «ለግዳጅ በቃ» ሲባል ሰውየው ድኗል፣ መሣሪያውን ይዞ ይመለስ ማለት ነው። «በቃው» ሲባል ደግሞ ከእንግዲህ ተዉት፣ የድርሻውን ከፍሏል ማለት ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አካባቢ ያደገ ሰው ሦስተኛውንም ፍች ያውቀዋል፤ በጾምና በጸሎት ተፈትኖ ከፍ ያለ መነኩሴ «የበቃ አባት» ይባላል። እርሱ ራሱ ግን በቅቻለሁ አይልም፤ ቃሉን የሚሰጡት ሌሎች ናቸው። ለቆሰለ ወታደርስ ይህን ቃል የሚሰጠው ማን ነበር? ራሱ? አለቃው? ሐኪሙ? ወይስ ማንም?

ጥያቄውን ያነሣሁት በሐይቅና በአምባሰል መንገድ ምክንያት ነው። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ይደረሳል፤ ከዚያ በአምባሰል ውስጥ አልፎ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ፣ ቆቦ፣ አላማጣ፣ ኮረም፣ ማይጨው እያለ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ወደ ሰሜን በዘመተች ቁጥር ይህ መሥመር ሁለት ሰልፍ አይቷል፤ ሲወጣ ጤነኛ፣ ሲወርድ ቁስለኛ። ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ስለሚወጣው ሰልፍ ብዙ ጽፈዋል፤ ነጋሪቱን፣ ፈረሱን፣ የመኳንንቱን ስም በየተራ ዘርዝረዋል። ስለሚወርደው ግን ቃላቸው አጭር ነው፤ «ብዙ ሰው ቆሰለ» ይሉና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። አምባሰል የተባለው ቅኝታችን ከአራቱ ቅኝቶች ሁሉ ለታሪክና ለጀግና ነገር የሚመረጥ ነው ይባላል። በጆሮዬ ሲገባ ግን ከሚወጣው ይልቅ የሚወርደውን ሰልፍ ያሳየኛል፤ ይህ ምናልባት የእኔ የጆሮ ጠባይ ይሆናል።

ከዐድዋ ልጀምር። የጦርነቱ ሰበብ የሆነው ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ ውጫሌ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በመስከረም 1888 ዓ.ም.፣ ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩት የክተት አዋጅ የሸዋን ሰው የቀጠረው ወሎ ውስጥ ወረኢሉ ላይ ነበር። ይህን አዋጅ ስንቶቻችን በቃላችን እናውቀዋለን! ነገር ግን አዋጁ ሰውን እንዴት እንደሚከፍል ልብ ብለን ያነበብነው ጥቂቶች ነን። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ሃይማኖቱ ሲል በሐዘኑ እንዲረዳ ይጠይቃል። ለደካማው ቦታ ሰጥቶታል፤ ሐዘኑን እንደ ዘመቻ ቆጥሮለታል። ወዲያው ግን ሦስተኛ ሰው ይመጣል፤ ወስልቶ የሚቀረው። ለእርሱ አማላጅ እንኳ እንደማይሠራ አዋጁ ይምላል።

እንግዲህ ጉልበት ያጣውን ከወስላታው የሚለይ ማን ነበር? ሐኪም አልነበረም፤ የሚሞላ ቅጽም አልነበረም። የሚለየው ጎረቤት ነበር። ጭቃ ሹሙ ያውቀዋል፤ አብሮት የሚያርሰው ያውቀዋል፤ ባለፈው ዘመቻ ጥይት እግሩን መትቶት እንደሆነ ሲያነክስ ያየው የመንደሩ ሰው ሁሉ ምስክር ነው። ባለመሬቱ መዝመት ካልቻለ ልጁ ወይም ወንድሙ ጠመንጃውን ተቀብሎ በፈንታው ይሄድ ነበር። በሰፈር ውስጥ ደግሞ ወጌሻው ነበረ። የተሰበረ አጥንት ዳስሶ «ይህ ይገጥማል፣ ይህ አይገጥምም» የሚል ፍርድ የሚሰጥ እርሱ ነው። የማይራመደው በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ይወርዳል፤ የሚራመደው ይከተላል። ከዚህ ሥርዓት በስተጀርባ ያለው መለኪያ አንድ ብቻ ነበር፤ ዐይን። የሚታይ ቁስል ቁስል ነው። የማይታይ ቁስል ፍርሃት ነው፣ አለዚያም የሰይጣን ሥራ ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከወደቁት ሌላ ብዙ ሺህ ሰው ቆስሎ ነበር። ሊረዳ የመጣው በጄኔራል ሽቬዶቭ የሚመራው የሩሲያ ቀይ መስቀል ጓድ በምጽዋ በኩል እንዳያልፍ ኢጣልያ ስለከለከለችው በጅቡቲ ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። ሐኪሞቹ ድንኳናቸውን ሲተክሉ ጦርነቱ ካበቃ ወራት አልፈዋል። ያገኙት እንግዲህ የተረፈውን ነው፤ ከዐድዋ እስከ ሸዋ በእግሩ ወይም በሰው ትከሻ የደረሰውን። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረገው መንገዱ ነበር ብል የተጋነነ አይሆንም።

አርባ ዓመት ቆይቶ ጠላት በአውሮፕላን ሲመለስ እኛ ዘንድ የተለወጠው ነገር ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ሊጀምር ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው። አገሪቱ የጄኔቫን የቁስለኞች ስምምነት የተቀበለችውም በዚያው ሰሞን ነበር። የውጭ ሐኪሞች ከእንግሊዝ፣ ከስዊድን፣ ከኖርዌይ፣ ከሆላንድ፣ ከሌላም አገር በየጓዳቸው መጡ። ደሴ የሰሜኑ ጦር ደጀን ስለነበረች ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ሰፈሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ አድቬንቲስቶች የሚያስተዳድሩት፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ቦምብ ወረደበት። ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን፣ ዶክተር ጆን ሜሊ የሚመሩት የእንግሊዝ አምቡላንስ በኮረም አጠገብ ተደበደበ። እንግዲህ «መዳን» የሚባለው ነገር ራሱ የሚፈለግበት ስፍራ ኢላማ ሆነ። በዚህ ሁኔታ ማን ማንን ይመርምር?

እዚህ ላይ ከወሎ ወጣ ብዬ የአንድ ሰው ነገር ማንሣት ይኖርብኛል፤ ለጥያቄዬ ከእርሱ የተሻለ ምስክር አላገኘሁምና። በኦጋዴን የጎራሄን ምሽግ የያዘው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጥቅምት 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በአውሮፕላን ድብደባ ቆሰለ። ወደ ኋላ ሄዶ እንዲታከም ቢለመን እምቢ አለ። እምቢ ያለበት ምክንያት ፉከራ አልነበረም፤ እርሱ ከሄደ ሰዉ እንደሚበተን ያውቅ ነበር። ቁስሉ መረዘና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞተ። ሲሞት ያ የፈራው ነገር ሆነ፤ ጦሩ ምሽጉን ለቆ ወጣ። በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ የተሰጠው ከሞት በኋላ ነው።

የአፈወርቅን ታሪክ በልጅነታችን የተማርነው እንደ ቆራጥነት ምሳሌ ብቻ ነው። ቆራጥነቱን ማን ይክዳል! ነገር ግን እንደ ታሪክ ተማሪ ሌላም ነገር ይታየኛል። በዚያ ምሽግ ውስጥ አዛዡን «አንተ አልበቃህም፣ ሂድ» ብሎ ሊያዝዘው ሥልጣን ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ቁስለኛውም እርሱ፣ መርማሪውም እርሱ፣ ፈራጁም እርሱ ነበር። ታክሞ ቢሆን ኖሮ ከወር በኋላ ወደ ጦሩ ይመለስ ነበር ወይ? አይታወቅም። ሥርዓት የሌለው ጦር ግን ምርጫውን እንዲህ አድርጎ ነው የሚያቀርበው፤ ወይ ትቆማለህ፣ ወይ ሁሉም ይፈርሳል።

ከዚያም የመርዙ ጊዜ መጣ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢ በራስ እምሩ ጦር ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ወረደ፤ በኋላም በዝናብ መልክ በየሰልፉ፣ በየወንዙና በየግጦሹ ተረጨ። ይህ መርዝ የድሮውን መለኪያ ከሥሩ ነቀለው። የሰናፍጭ ጋዝ ወዲያው አያምም። የነካው ሰው ለሰዓታት ምንም ሳይሰማው ይቆያል፤ ይራመዳል፣ ይበላል፣ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ሲነጋ ዐይኑ አብጦ ይዘጋል፣ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ጉሮሮው ይቃጠላል። ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደራችን ደግሞ መርዙ ያረፈበትን ሣር ሲረግጥ መጀመሪያ የሚቃጠለው እግሩ ነበር። ቆዳው ድኖ ጠባሳው ከደረቀ በኋላም ሳንባው ለዕድሜ ልክ ሊታመም ይችላል። ጎረቤት ምን አይቶ ይመስክር? ወጌሻስ ምኑን ይዳስስ? በአንድ ወቅት ስለዚህ ነገር እያሰብኩ የሞነጫጨርኋት ሁለት ስንኝ ነበረች፤ ትንሽነቷን አይታችሁ ይቅር በሉኝ፤

ቁስሉን ያየ ሁሉ ቁስሉን ቆጠረለት፣
ሳንባው ውስጥ ያለውን ማን ገልጦ አየለት።

የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ ያየውን በትዝታ መጽሐፉ ጽፎታል። በየዛፉ ሥር የተዘረጉ፣ ሰውነታቸው የተቃጠለ ብዙ ሰዎች ነበሩ። እነርሱን ለማከም በቂ ሐኪም አልነበረም፤ መድኃኒቱም አልነበረም። ሰዎቹ ግን ይጮኹ ነበር፤ ዡኖም የሰማውን ቃል እንደ ሰማው መዝግቦታል፦ «አቤት… አቤት…»። ባዕዱ ሰው ቃሉን የልመና ጩኸት አድርጎ ተረዳው፤ አልተሳሳተም። እኛ ግን ቃሉን ከዚያም በላይ እናውቀዋለን። «አቤት» ሰው በዳኛ ፊት የሚለው ቃል ነው። የተበደለ ሰው በንጉሥ መንገድ ዳር ቆሞ የሚጮኸው ይህንኑ ነው። እነዚያ ቁስለኞች መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ፍርድም ይጠይቁ ነበር፤ ጉዳያቸውን የሚሰማ፣ ገልጦ የሚያይ፣ ቃል የሚሰጥ ሰው። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 22፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። የተረፈው ሰልፍ ወደ ደቡብ ሲወርድ መርዙ በአሸንጌ ሐይቅ ዳርም ተከተለው። ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ በጠላት ስትያዝ መንገዱ ሁሉ፣ ውጫሌም ሐይቅም፣ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ቁስለኛው የሚመለስበት ጦር አልነበረም። ከፊሉ ግን ወደ ዱር ተመለሰ፤ አርበኛ ሆነ። ማን መርምሮ አበቃው? ማንም። እግሩ የቻለለት ሄደ።

ሥነ ጽሑፍ ለሚወድ አንባቢ ይህን ታሪክ ከሌላ አገር ታሪክ ጎን ማስቀመጥ ይጠቅመው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1917 በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ አጠገብ፣ ክሬግሎክሃርት በተባለ የመኮንኖች ሆስፒታል ሁለት ገጣሚዎች ተገናኙ፤ ሲግፍሪድ ሳሱንና ዊልፍሬድ ኦውን። ኦውን አእምሮው በጦርነቱ የተናወጠ ነበር። ሳሱን ጦርነቱን በመግለጫ ስላወገዘ ከመክሰስ ይልቅ «ታሟል» ማለት ለባለ ሥልጣኖቹ ቀለላቸውና በሕክምና ቦርድ በኩል ወደዚያ ላኩት። ሐኪሙ ሪቨርስ ደግ ሰው ነበር፤ ሕመምተኞቹን ያዳምጣል፣ እንዲናገሩ ያደርጋል። ነገር ግን ሥራው አንድ መራራ ነገር ነበረበት፤ ያዳነው ሰው ሁሉ ወደዚያው እሳት ይመለሳል። ሳሱን በዚያው ዓመት መጨረሻ «ብቁ» ተባለ፤ ተመልሶ ሄደ፣ ቆሰለ፣ ግን ተረፈ። ኦውን ስለ መርዝ ጋዝ የጻፈውን ግጥም በዚያ ሆስፒታል ሳለ ጀመረ። እርሱም በተራው ተመለሰና እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1918 ተገደለ፤ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ሳምንት ሲቀረው። እንግዲህ እዚያ ቦርድ ነበር፣ ሐኪም ነበር፣ ፋይል ነበር፤ ፍርዱ ግን ቀላል አልሆነም። ያም ሆኖ ኦውን የተሰማ ሰው ነው። ኮረም ላይ «አቤት» ሲሉ የነበሩት መካከል ግጥም የሚችል አልነበረም ብሎ የሚምል ማነው?

ወታደራችን ከፋይሉና ከቦርዱ ጋር በሰፊው የተገናኘው ኮሪያ ላይ ይመስለኛል። በ1943 ዓ.ም. የዘመተው የቃኘው ሻለቃና ተተኪዎቹ 121 ሰው ሞቶባቸው 536 ቆስሎባቸዋል። ቁስለኛው በቃሬዛ ሳይሆን በሄሊኮፕተር ሊነሣ፣ ሐኪም እየመረመረው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሊተላለፍ የሚችልበት ጦርነት ነበር። አብረውት የተሰለፉት አሜሪካኖች ደግሞ ሰውን በስድስት ነገር የሚመዝን ሥርዓት ነበራቸው፤ አጠቃላይ የሰውነት አቅም፣ እጅ፣ እግር፣ ጆሮ፣ ዐይን፣ ስድስተኛው አእምሮ። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 4 ቁጥር ይሰጣል። ሰውን በቁጥር መመዘን ለገጣሚ ጆሮ ይቀፋል፤ እኔ ግን ስድስተኛውን መሥመር ሳስብ ቁጥሩን ይቅር እለዋለሁ። የማይታየው ቁስል ቢያንስ የሚጻፍበት ቦታ አግኝቷል።

በአገራችንም ሥርዓቱ ቀስ በቀስ መጣ። በ1928 ዓ.ም. ከሴቶች ጋር ሆና ለቁስለኛ ፋሻ ስታዘጋጅ የነበረችው ልዕልት ፀሐይ በስደት ሳለች ለንደን ውስጥ ነርስነት ተማረች፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ሞተች። በስሟ በአዲስ አበባ የተሠራው የመታሰቢያ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ዛሬ ታክሲ ረዳቱ «ጦር ኃይሎች!» ብሎ ሲጣራ የዚያችን ልጅ ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በደርግ ዘመን ከሰሜኑና ከምሥራቁ ግንባር የመጣው ቁስለኛ «በቦርድ ተሰናበተ» ወይም «ለግዳጅ ብቁ ነው» የሚለውን ቃል ሲጠብቅ የኖረው እንደዚህ ባሉ ሆስፒታሎች ኮሪደር ላይ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ለ30 ወር እንዲያገለግል ከታዘዘ በኋላ ቁጥሩ በዛ፤ ጦርነቱም ሰው ይፈልጋል። ሰው የሚያስፈልገው ጦር «ብቁ» የሚለውን ቃል ሲያሰፋው፣ ሰው የተረፈው ጦር ያጠብበዋል። በዓለም ሁሉ እንዲህ ነው።

ሐይቅ ውስጥ ሳለሁ የማውቃቸው ሁለት የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። አንዱ እግሩን ያጣ ነው፤ በቦርድ ወጥቷል፤ ሰዉ ሁሉ «ጀግና» እያለ ይጠራዋል፣ በድግስም ከፍ ያለ ቦታ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ሙሉ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ቆስሎ ሦስት ጊዜ ድኖ ተመልሷል፤ ቁስሉም ቀላል ነበር ይባላል። ይህ ሰው ነጎድጓድ ሲሰማ ከቤት ወጥቶ ይሮጥ ነበር። እኛ ልጆቹ እንስቅበት ነበር፤ ትልልቆቹም ጠበል እንዲወስዱት ቤተሰቡን ይመክሩ ነበር። ከሁለቱ የትኛው ነው «የበቃው»?

በ1983 ዓ.ም. ያ ሠራዊት ሲፈርስ 450,000 ያህል ሰው ወደ ሕዝቡ ተመለሰ። የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሠራ፤ ጉዳት እንደገና ተቆጠረ። በሥራዬ ምክንያት ጡረታ ለመቀበል የሚመጡ ጉዳተኞችን አያለሁ። የጉዳት መጠናቸው በመቶኛ ተጽፎ ከወረቀቱ ላይ ይነበባል፤ እጅ ይህን ያህል፣ ዐይን ይህን ያህል። ለነጎድጓድ የሚሮጥ ሰው የተሰጠ መቶኛ ግን እስካሁን አላየሁም።

ኢጣልያ በበኩሏ መርዙን ካደች፤ ለረጅም ዘመን ካደች። የታሪክ ምሁሩ አንጄሎ ዴል ቦካ ማስረጃ ሲያወጡ እንደ አገር ከሐዲ ሰደቧቸው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ጄኔራል ኮርቾኔ ጋዙ ሥራ ላይ መዋሉን በይፋ ያመኑት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ። በኮረም ዛፍ ሥር ተኝቶ የነበረ የ20 ዓመት ወጣት በሕይወት ካለ በዚያን ቀን 80 ዓመቱ ነው።

መንገዱም አላረፈም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት በዚያው መሥመር ወረደ፤ ወልድያ፣ ውጫሌ፣ ሐይቅ፣ ደሴ። የደሴ ሆስፒታል ከቁስለኛ መሞላት አልፎ ተዘረፈ። በዚያ ወቅት ክልሉ ያስነገረው ጥሪ የተጠራበት ቃል «ክተት» ነበር፤ ምኒልክ ለወረኢሉ የተጠቀሙበት ያው ቃል። ጥሪውን ሰምቶ የወጣው ብዙ ሰው ገበሬ ነው፤ የራሱን ጠመንጃ፣ የራሱን ስንቅ ይዞ። ወታደር የሆነው ሰው ቢቆስል ፋይል አለው፣ ፋይሉ ቦርድ ፊት ይቀርባል። ገበሬው ዘማች ወደ አምባሰል ቀበሌው ሲመለስ እንደ ዐድዋው ሰው የሚመለከተው ጎረቤቱ ነው። የተመታው ክንዱ ዕርፍ መጨበጥ መቻሉን ወይም አለመቻሉን ደግሞ በሬዎቹን ጠምዶ ማሳው ላይ በቆመበት ጠዋት ራሱ ያየዋል።